ከኦሮቪል ግድብ እስከ ሳልተን ሐይቅ፦ የካሊፎርኒያን ውሃ ተከትሎ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

በካሊፎርኒያ ዝናቡና በረዶው የሚበዛው በሰሜን ነው። ሰውና እርሻው የሚበዛው ደግሞ ከሳክራሜንቶ በስተ ደቡብ። ግዛቲቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሀብቷን ስታፈስ የኖረችው ውሃውን ከዚያ ወደዚህ ለማምጣት ነው። የደኑ ቃጠሎ፣ የመሬቱ መስመጥ፣ የመንደሮቹ ጥም፣ በበረሃው ዳር የሚያድጉ ሕፃናት አስም ሁሉም በዚሁ መስመር ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ የግዛቲቱን ችግር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከላይ ጀምሮ ውሃውን ተከትሎ ቢወርድ ይመረጣል።

በ2014 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመዝገብ ያለውን የውሃ ፈቃድ ደምረው ነበር። በወረቀት የተሰጠው ውሃ በአማካይ ዓመት በወንዞቹ ከሚፈሰው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሌለ ውሃ ሲከፋፈል የሚጎድልበት ሰው መኖሩ አይቀርም። በየቦታው ስትደርሱ ሕጉ የወጣበትን ዓመትና መሥራት የሚጀምርበትን ዓመት ጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ኪሳራ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ለጉዞው ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ይሻላል። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በረዶው ገና አለ፣ የሸለቆው ሙቀትም 40 ዲግሪ አልደረሰም። በብርዱ ወራት በሳን ዋኪን ሸለቆ የሚወርደው ጉም መንገድ ያጠፋል። አቧራ ሲነሳ የመኪናውን መስኮት ዝጉ፤ በአፈሩ ውስጥ ያለ ፈንገስ የሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል። መንገዱ በድምሩ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ለተራ የቤት መኪና ግን አይከብድም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ፦ ኦሮቪልና ፓራዳይዝ

ከሳክራሜንቶ በሀይዌይ 70 ወደ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ኦሮቪል ይደረሳል። በፌዘር ወንዝ ላይ የተሠራው ይህ የአፈር ግድብ 235 ሜትር ከፍታ አለው፤ በአሜሪካ ከእሱ የሚረዝም የለም። ሲሞላ ከ4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል። በደቡብ ያሉ ከተሞችና እርሻዎች የሚጠብቁት የግዛቲቱ የውሃ ፕሮጀክት ትልቁ ጎተራ ይኸው ነው።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2017 በዋናው ማስተንፈሻ ላይ ውሃ እየወረደ ሳለ የኮንክሪቱ ንጣፍ መሃሉ ላይ ተቦደሰ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የገለልተኛ መሐንዲሶች ምርመራ ምክንያቱን በዝርዝር አስቀምጧል። ንጣፉ ከሥሩ ካሉት የፍሳሽ ቱቦዎች በላይ ስለሳሳ በዚያው መስመር ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሥር ሆኖ ንጣፉን ወደ ላይ ገፋው። ዐለቱ ደግሞ በየቦታው የተበላና የላላ ስለነበር ንጣፉን ከመሬት ጋር ያሰሩት ብረቶች አልቻሉም። አንዱ ንጣፍ ከተነሳ በኋላ የቀረውን የጨረሰው የውሃው ፍጥነት ነው።

ፌብሩዋሪ 11 ሐይቁ ሞልቶ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠባበቂያው ማስተንፈሻ ላይ ፈሰሰ። መጠባበቂያው ግን ግንብ ብቻ ነበር፤ ከግንቡ በታች ውሃው የሚወርደው ምንም ባልለበሰ ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ግንቡ እግር እየተሸረሸረ መጣ። በማግስቱ ማታ 188,000 ያህል ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ታዘዘ። ሦስት የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ይህ ኮረብታ ኮንክሪት ይልበስ ብለው ለፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያመለከቱት በ2005 ነበር። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ጥገናው በኋላ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ከጎብኚዎች ማዕከሉ ሆናችሁ ስታዩት አዲሱ ኮንክሪት ከአሮጌው በቀለም ይለያል።

ከዚህ ወደ ፓራዳይዝ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ሽቅብ ግን ይወጣል። ከተማዋ በጥድ ደን ውስጥ፣ በሁለት ገደሎች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። መውጫ መንገዶቿ ጥቂት ናቸው። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 የተነሳው እሳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተማዋን በላ፤ 85 ሰው ሞተ፣ ከ18,000 በላይ ሕንፃ ወደመ። መነሻው ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው የመብራት ኩባንያ አሮጌ የከፍተኛ ኃይል መስመር ነው። ሽቦውን ያንጠለጠለው የብረት መንጠቆ ወደ መቶ ዓመት ገደማ አገልግሎ ተበልቶ ነበር። ኩባንያው በ2020 በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን በፍርድ ቤት አምኗል።

ከእሳቱ በኋላ የመጣው የውሃ ጣጣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቤቶች ሲቃጠሉ ቧንቧው በየቦታው ተበጥሶ ግፊቱ ወደቀ፤ ጭስና የቃጠሎ ትነት ወደ ውስጥ ተሳበ። የጋሉት የፕላስቲክ ቧንቧዎችም በበኩላቸው ቤንዜን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ለቀቁ። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ጠጥቶ ቀስ እያለ ስለሚመልሰው አንድ ጊዜ ውሃ ለቅቆ ማጠብ አይበቃም። ትክክለኛው ምርመራ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ለ72 ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ ናሙና መውሰድ ነው፤ ያውም ዋናው መስመር ለብቻ፣ ከዋናው ወደ ቤት የሚገባው መስመር ለብቻ። እንዲህ ያለውን ውሃ ማፍላት አይገባም። ማፍላት ኬሚካሉን ወደ ምትተነፍሱት አየር ይለቀዋል፤ በሙቅ ውሃ ገላ መታጠብም ያው ነው።

ስለ ቤቱ ከተነሳ፣ አብዛኛው ቤት የሚቃጠለው በነበልባል ግንባር ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው በጣሪያ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ይገባል፣ በአሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ግድግዳ ሥር ያለ ቁጥቋጦ ያቀጣጥላል። የአየር መግቢያውን ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት መሸፈንና ከግድግዳው 1.5 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ማንሳት ብዙ ቤት ያድናል። ይህን የ1.5 ሜትር ክልል የሚያስገድደው ሕግ በ2020 ጸደቀ። ዝርዝር ደንቡ በ2023 መግቢያ ማለቅ ነበረበት፤ በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ገና አልወጣም ነበር።

ኢንሹራንሱም በዚያው ልክ ተቃውሷል። በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋጋ ከመጨመራቸው በፊት የግዛቲቱን ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል፤ ዋጋቸውንም ለረጅም ጊዜ ያሰሉ የነበረው ባለፈው ኪሳራ እንጂ በሚመጣው አደጋ አልነበረም። አደጋው ሲያድግ መልሳቸው መውጣት ሆነ። ትልቁ ኩባንያ ስቴት ፋርም በሜይ 2023 አዲስ የቤት ውል መቀበል አቆመ። ሌላ ያጣ ባለቤት ፌር ፕላን ወደሚባለው የመጨረሻ መጠጊያ ይሄዳል። የፌር ፕላን መሠረታዊ ውል ስርቆትንና በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂነትን አይሸፍንም፤ ለእነዚህ ሌላ ተጨማሪ ውል መግዛት ያስፈልጋል።

ማክሰኞ፦ ዴልታው

ከሳክራሜንቶ በሀይዌይ 160 ወደ ደቡብ ውረዱ። መንገዱ የተሠራው በራሱ በጎርፍ መከላከያው ክትር ጫፍ ላይ ነው። በአንደኛው ወገን ወንዙ፣ በሌላው ወገን ከወንዙ ዝቅ ብሎ የሰመጠ የፒር እርሻ ይታያል። የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ረግረግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በአብዛኛው በቻይናውያን ሠራተኞች ጉልበት፣ በክትር እየታጠረ ደርቋል። አፈሩ ከበሰበሰ ሸምበቆ የተሠራ ነው። ውሃ ሲለየው አየር ያገኘውና በስብሶ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ በየዓመቱ እየተነነ የሚያልቅ መሬት ማለት ነው። በክትር የታጠሩት አንዳንዶቹ ደሴቶች ዛሬ ከባሕር ወለል በታች 7 ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት ላይ ናቸው።

የክትሮቹ ጠቅላላ ርዝመት 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጁን 3 ቀን 2004 ጎርፍም ዝናብም በሌለበት በጠራራ ፀሐይ ጆንስ ትራክት የተባለው ደሴት ክትር ተደረመሰ፤ 4,900 ሄክታር ያህል እርሻ በውሃ ተሞላ። መሐንዲሶች የሚፈሩት የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ክትሮችን በአንድ ቀን እንዳይሰብር ነው። ያን ጊዜ የሰመጡት ደሴቶች ውሃውን ሲስቡ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ጨው ተከትሎ ይገባና ወደ ደቡብ የሚሄደው ውሃ የማይጠጣ ይሆናል።

ከትሬሲ ከተማ አጠገብ ሁለት ግዙፍ የፓምፕ ጣቢያዎች አሉ፤ አንዱ የፌዴራል፣ አንዱ የግዛቲቱ። በኃይል ሲስቡ በዴልታው ደቡብ ያሉ ሰርጦች ወደ ኋላ ይፈሳሉ። ወደ ባሕር መንገድ የሚፈልጉ ጫጩት ሳልመኖች ፍሰቱን ተከትለው ወደ ፓምፑ ይሄዳሉ። ዴልታ ስሜልት የምትባለው የጣት ርዝመት ያላት ዓሣ በ1993 ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገባች፤ ዛሬ በዱር መገኘቷ ብርቅ ነው። ንግድ ላይ የተመሠረተው የሳልመን ማስገር በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በግዛቲቱ ጠረፍ ሁሉ ተዘግቷል። ዓሣ ወይስ ገበሬ ተብሎ ሲጠየቅ የሚረሳው ይህ ነው፤ አሳ አስጋሪውም እንጀራው ከወንዙ የነበረ ሠራተኛ ነው።

ፓምፑን ከዴልታው ለማላቀቅ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ውሃውን በዙሪያው የሚያሳልፍ ቦይ በ1982 በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ። የሁለት ዋሻዎች እቅድ በ2019 ተሰረዘ። አሁን ያለው የአንድ ዋሻ እቅድ 72 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ ዋጋውም በ2024 ግምት 20.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። በትዊቸል ደሴት የሚታየው ሙከራ ከዚህ ይልቅ ተስፋ ይሰጣል። በ1997 የተጀመረ ሲሆን መሬቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ሸፍኖ ሸምበቆ ማብቀል ነው፤ የሞተው ሸምበቆ ውሃ ሥር ስለማይበሰብስ መሬቱ በዓመት እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ወደ ላይ ነው።

ረቡዕ፦ ሜንዶታ

ከትሬሲ በኢንተርስቴት 5 ወደ ደቡብ ስትነዱ የካሊፎርኒያ ቦይ ከመንገዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ከሎስ ባኖስ በኋላ ወደ ሜንዶታ ታጠፉ። ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጆሴፍ ፖላንድ የተባለው የጂኦሎጂ ባለሙያ በ1977 ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ በመላው ዓለም ይታወቃል። በምሰሶው አናት ላይ የተለጠፈው 1925 የሚል ቁጥር የመሬቱ ገጽ በዚያ ዓመት የነበረበትን ያሳያል፤ ከባለሙያው እግር 9 ሜትር ከፍ ብሎ።

መሬቱ የሚሰምጠው እንዲህ ነው። ከሥር አሸዋና ጠጠር ከሸክላ ንብርብሮች ጋር እየተፈራረቁ ተቀምጠዋል። ከአሸዋው ውሃ ቢወጣ ሌላ ዓመት ዝናብ ሲመጣ ይሞላል። ሸክላው ግን ውሃውን የያዘው በደቃቅ ቅንጣቶቹ መካከል ነው። ፓምፑ ግፊቱን ሲቀንስ ቅንጣቶቹ በላያቸው ባለው ክብደት ይጨፈለቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ዝናብ ቢዘንብ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። በዚያ ያለው የማከማቻ ቦታ ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። በድርቅ ዓመታት አንዳንድ ቦታዎች በዓመት 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሰምጠዋል።

ምልክቱን ማየት ለሚፈልግ፦ በቦዮቹ ላይ ያሉ ድልድዮችን ተመልከቱ፤ ሆዳቸው ውሃውን ሊነካ የተቃረበ ብዙ አለ። የጉድጓድ ብረት ቱቦ ከሲሚንቶ መሠረቱ ወጥቶ በአየር ላይ ቆሞ ታገኛላችሁ፤ ቱቦው አላደገም፣ መሬቱ ነው የወረደው። ቦዮቹ የሚፈሱት በቁልቁለት ብቻ ስለሆነ መሃላቸው ሲሰምጥ ማሳለፍ የሚችሉት ይቀንሳል። በምሥራቅ በኩል ያለው 245 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የፍራያንት ከርን ቦይ በአንድ ክፍሉ ከአቅሙ 60 በመቶ ያህል አጥቶ ነበር፤ 16 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ቦይ ከጎኑ ተሠርቶ በ2024 ተጠናቋል። ቦዩን ያሰመጠው በአካባቢው የተቀዳው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ወጪውን ግን የፌዴራል መንግሥትና ሌሎች የውሃው ተጠቃሚዎች ጭምር ተካፍለውታል።

በአሜሪካ ምዕራብ ካሉ ግዛቶች የከርሰ ምድር ውሃን በሕግ በመቆጣጠር ካሊፎርኒያ የመጨረሻዋ ናት። ሕጉ የወጣው በሴፕቴምበር 2014 ነው። በጣም የተጎዱት አካባቢዎች እቅዳቸውን እስከ 2020 እንዲያቀርቡ፣ የሚቀዳውንና የሚተካውን ደግሞ እስከ 2040 እንዲያመጣጥኑ ጊዜ ተሰጣቸው። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ግን ብዙ ነው። ከ2014 በኋላም ጥልቅ ጉድጓዶች መቆፈራቸው፣ አዲስ አልሞንድና ፒስታቺዮ መተከሉ አልቆመም። ጥጥ ወይም ቲማቲም የሚዘራ ገበሬ በድርቅ ዓመት መሬቱን ጦም ያሳድራል። አልሞንድ የተከለ ግን አይችልም፤ ዛፉ ለሃያና ሃያ አምስት ዓመት ተብሎ የተተከለ ነው፣ አንድ ዓመት ካልጠጣ ገንዘቡም አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ የሚቀዳው ውሃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የካሊፎርኒያ የሕዝብ ፖሊሲ ተቋም ሚዛኑን ለመጠበቅ ቢያንስ 200,000 ሄክታር ያህል እርሻ ከመስኖ መውጣት እንዳለበት ገምቷል። የትኛው ማሳ ይውጣ፣ በዚያ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞችስ ምን ይሁኑ የሚለው ከውሃው ልኬት ይልቅ የከበደ ጥያቄ ነው።

ሐሙስ፦ ኢስት ፖርተርቪል፣ አለንስዎርዝ፣ ኮርኮራን

ዛሬ ቀስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

ኢስት ፖርተርቪል በቱላሬ ካውንቲ፣ በሴራ ተራሮች ግርጌ ያለ የሠራተኞች ሰፈር ነው። አብዛኛው ቤት የየራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ ጥልቀት የሌለው፣ በርካሽ የተቆፈረ። በዙሪያው ያሉ እርሻዎች በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ድረስ ይቆፍራሉ። የጎረቤት ትልቅ ፓምፕ ሲሠራ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ጥልቀት የሌለው ነው። በ2014 በመቶ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ደረቁ። በየደጁ 9,500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀመጠ፣ ቦቴ እየዞረ ይሞላ ነበር፤ ያ ውሃ ለመታጠቢያ ነው፣ የሚጠጣው በጠርሙስ ይታደላል። መፍትሔው በአጠገቡ ነበር፤ የፖርተርቪል ከተማ የቧንቧ መስመር። በ2015 የወጣ ሕግ ግዛቲቱ አንድን የውሃ ድርጅት ጎረቤቱን እንዲያስገባ ማስገደድ እንድትችል ሥልጣን ሰጣት። ከ700 በላይ ቤቶች ተገናኙ። ሲገናኙ አሮጌው ጉድጓድ ከቤቱ ቧንቧ መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የተበከለ ውሃ ወደ ከተማው መስመር ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ጉድጓድ ሊደርቅ ሲል ምልክት ይሰጣል። ቧንቧው አየር ይተፋል፣ አሸዋ ይመጣል፣ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይነሳና ይጠፋል። ፓምፑ ያለ ውሃ ከሠራ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ማጥፋት ይቀድማል። ከዚያ ለግዛቲቱ የውሃ ሀብት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ማሳወቅ ይቻላል። ያልተመዘገበ ደረቅ ጉድጓድ እርዳታም አያመጣም፣ ለፖሊሲ አውጪውም አይታይም።

ውሃው ቢኖርም ንጹሕ ላይሆን ይችላል። በ2012 የወጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በዚህ አካባቢና በሳሊናስ ሸለቆ ወደ ከርሰ ምድር ከሚገባው ናይትሬት 96 በመቶው ከእርሻ ማሳ፣ ከማዳበሪያና ከከብት ፍግ እንደሚመጣ አሳይቷል። ሕጋዊው ጣሪያ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ነው። ከዚያ ሲበልጥ በዱቄት ወተት የሚያድግ ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ቆዳው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ሊሞትም ይችላል። አርሴኒክ የተባለው መርዝ ደግሞ ከተፈጥሮ ነው፤ ግን ሸክላው ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው አርሴኒክ ከውሃው ጋር ይወጣል። ትናንት ያየነው መስመጥና ዛሬ የምናየው መርዝ የአንድ ፓምፕ ሥራ ናቸው።

የግል ጉድጓድ ያለው ሰው ውሃውን የሚመረምርለት መንግሥት የለም። ናሙናው ከማንኛውም ማጣሪያ በፊት ካለው ቧንቧ ይወሰዳል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ፣ ላቦራቶሪው በሰጠው ጠርሙስ፣ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳይውል ሳያድር ይደርሳል። ናይትሬት፣ አርሴኒክ፣ ዩራኒየም፣ ባክቴሪያና ከአሮጌ ተባይ መድኃኒት የቀረው ቲሲፒ የሚባለው ኬሚካል ይመርመር። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በመፍትሔው ነው። ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። የከሰል ማጣሪያ ቲሲፒን ይይዛል፣ ናይትሬትን ግን አይነካም። ናይትሬትንና አርሴኒክን የሚቀንሰው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚገጠመው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ ጥቂት ሊትር ያባክናል፣ ስስ ሽፋኑ ሲያረጅም ሳይታወቅ መያዙን ይተዋል። የወጣው ውሃ በየዓመቱ ይመርመር።

ካሊፎርኒያ ንጹሕ ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብላ በሕግ ያወጀችው በ2012 ነው። ገንዘቡ የተመደበው በ2019፣ በዓመት እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር፣ እስከ 2030። የግዛቲቱ ኦዲተር በ2022 ሲያይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አሁንም ደረጃውን ያልጠበቀ ውሃ በሚያቀርቡ ድርጅቶች ሥር ነበር። ትንንሾቹ ድርጅቶች የሚወድቁት በፓምፕና በቱቦ ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጣሪያው ከተገጠመ በኋላ ለኬሚካሉ፣ ለመብራቱና ለሠለጠነው ሠራተኛ በየወሩ የሚከፍለው መቶ ቤት ነው።

ከዚያ በሀይዌይ 43 ወደ አለንስዎርዝ። ይህችን ከተማ በ1908 የመሠረቱት ኮሎኔል አለን አለንስዎርዝ በባርነት ተወልደው በአሜሪካ ጦር ከፍተኛ ማዕረግ የደረሱ ጥቁር መኮንን ነበሩ፤ ጥቁሮች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩባት ከተማ እንድትሆን። መሬቱን የሸጠው ኩባንያ በቂ ውሃ አቀርባለሁ ያለውን ቃል አልጠበቀም። በ1914 የባቡሩ ፌርማታ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ኮሎኔሉም በዚያው ዓመት ሞቱ። የጥንቱ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ዛሬ በታሪካዊ ፓርክነት ተጠብቀዋል። በአጠገቡ የሚኖሩት በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ግን አርሴኒክ ካለበት ጉድጓድ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። በማርች 2023 ደግሞ ጎርፍ መጣባቸው፤ ነዋሪዎቹ በገዛ እጃቸው አፈርና ድንጋይ እየደለደሉ ሲከላከሉ ሰነበቱ። የሚጠጣ ውሃ የሌለው መንደር በውሃ ሊጠፋ ነበር።

ጎርፉ የቱላሬ ሐይቅ መመለስ ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ካሉት የጣፋጭ ውሃ ሐይቆች ሁሉ ይሰፋ የነበረው ይህ ሐይቅ ወንዞቹ ለመስኖ ተጠልፈው ደርቆ እርሻ ሆኗል። በ1983፣ በ1997 እና በ2023 በረዶው ሲበዛ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በመጨረሻው ጊዜ ከ40,000 ሄክታር በላይ ሸፈነ። በዳርቻው ያለችው ኮርኮራን እስር ቤቶችም ነዋሪዎችም ያሉባት ከተማ ስትሆን መሬቷ ከዓመት ዓመት ይሰምጣል፤ ከተማዋ ስትሰምጥ ክትሯም አብሮ ስለሚወርድ በየጊዜው መከመር አለበት። በ2023 ግዛቲቱ 17 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ከፍ አድርጋዋለች። በኤፕሪል 2024 የግዛቲቱ የውሃ ቦርድ የዚህን አካባቢ እቅድ በቂ አይደለም ብሎ በራሱ ቁጥጥር ሥር ሊያደርገው ወሰነ፤ ባለ ጉድጓዶች ቆጣሪ እንዲገጥሙና እንዲከፍሉ። የኪንግስ ካውንቲ የገበሬዎች ማኅበር ከሰሰ፣ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። እኛ ቦርዱ ልክ ነበር እንላለን፤ ያልተለካ ውሃ አይቆጠብም።

ዓርብ፦ ኦወንስ

ከቤከርስፊልድ በተሃቻፒ ተራሮች አልፎ ሞሀቪ ላይ ነዳጅ ሞልቶ በሀይዌይ 14፣ ከዚያም በሀይዌይ 395 ወደ ሎን ፓይን። በተራሮቹ ሰሜናዊ ግርጌ የኤድመንስተን ፓምፕ ጣቢያ የሰሜኑን ውሃ 587 ሜትር ሽቅብ ይገፋል።

የኦወንስ ሸለቆ ግን ፓምፕ አላስፈለገውም። በ1913 የተመረቀው የሎስ አንጀለስ ቦይ ውሃውን ከዚህ በቁልቁለት ብቻ ይወስዳል። 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ በ1926 ደርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ በነፋስ ቀን ከጨዋማው ወለል የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በአሜሪካ ከአንድ ቦታ ከሚነሱት ሁሉ የከፋ ሆነ። ከተማዋ አቧራውን ለማስተኛት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች፤ ወለሉን በስሱ በውሃ መሸፈን፣ ጨው የሚችል ሣር መትከል፣ ጠጠር ማልበስ፣ በትልልቅ ፈር ማረስ። ጠጠሩ ውሃ አይፈልግም፣ ግን ወፍ አያሳድርም። ከሎን ፓይን ደቡብ በሐይቁ ወለል መሃል የሚያልፍ መንገድ አለ፤ አራቱንም ዘዴ ጎን ለጎን ያሳያል።

ከዚህ በስተ ሰሜን ያለው የሞኖ ሐይቅም ውሃው ከ1941 ጀምሮ ሲወሰድ 14 ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 እንዲህ ያለ ሐይቅ የሕዝብ አደራ ነው ብሎ ፈረደ፤ በ1994 የውሃ ቦርዱ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,948 ሜትር እንዲደርስ አዘዘ። ሃያ ዓመት ገደማ ይበቃል ተብሎ ነበር። እስከ ዛሬ 3 ሜትር ገደማ ይቀረዋል።

ቅዳሜ፦ ሎስ አንጀለስ

በፌርፋክስ ጎዳና፣ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በተሰየመው ሰፈር የሚኖርና የሚሠራ ወገን የሚከፍለው የውሃ ሂሳብ እስካሁን ያየናቸውን ቦታዎች ሁሉ የያዘ ነው፤ ከተማዋ ከኦወንስ፣ ከዴልታውና ከኮሎራዶ ወንዝ እያቀላቀለች ታከፋፍላለች። ሊመሰገን የሚገባውም ይመስገን፦ ሕዝቧ ከ1970ዎቹ ወዲህ በሚሊዮን ጨምሮ ሳለ የምትጠቀመው ውሃ ቀንሷል። ጎረቤቷ ኦሬንጅ ካውንቲ ከ2008 ጀምሮ የፍሳሽ ውሃን በደቃቅ ማጣሪያ፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ በመጨረሻም በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥርታ ወደ ከርሰ ምድር ትመልሳለች፤ በቀን ወደ 490,000 ሜትር ኩብ ገደማ። ከሩቅ ቦይ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።

በጃንዋሪ 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና ከ16,000 በላይ ሕንፃ ሲቃጠል በፓሊሴድስ ከፍታ ያሉ የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ደረቁ። የኮረብታውን ግፊት የሚጠብቁት ሦስት ጋኖች እያንዳንዳቸው 3,800 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ፤ ከሥር ከሚሞላው በፍጥነት ተቀዱ። በአጠገቡ ያለው የሳንታ ኢኔዝ ማጠራቀሚያ ደግሞ ሽፋኑ ተቀዶ ለጥገና ባዶ ነበር። እሱ ቢሞላ ኖሮ ውሃው ጥቂት ሊቆይ ይችል ነበር ይሆናል፤ የከተማ ቧንቧ ግን የተሠራው ጥቂት ቤት ሲቃጠል እንዲያጠፋ እንጂ ለጫካ እሳት አይደለም። ሰኞ ስለ ቤንዜን የተባለው ሁሉ ለእነዚህ ሰፈሮችም ሠርቷል።

እሑድ፦ ሳልተን

በኢንተርስቴት 10 ወደ ምሥራቅ፣ ከኢንዲዮ በሀይዌይ 111 ወደ ደቡብ። ሳልተን ከባሕር ወለል 70 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። የኮሎራዶ ወንዝ በ1905 የመስኖ ቦይ ሰብሮ እስከ 1907 ሲፈስበት ተፈጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ያቆየው ከኢምፔሪያል ሸለቆ እርሻ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። መውጫ ስለሌለው ጨውና ማዳበሪያ ይከማቹበታል፤ ዛሬ ጨውነቱ የውቅያኖስን እጥፍ ያህል ነው። ወደ ውሃው በመኪና አትቅረቡ። ከላይ ደረቅ የሚመስለው ወለል ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ጎማ ይውጣል።

እዚህ ላይ ቁጠባ ራሱ ጉዳት ሆነ። በ2003 በተፈረመው ስምምነት የኢምፔሪያል መስኖ ድርጅት ለሳን ዲዬጎ በዓመት እስከ 247 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሸጠ። ገበሬው መስኖውን ሲያሻሽል ከማሳው የሚተርፈው ፍሳሽ ቀነሰ፣ የሐይቁም ቀለብ ያው ፍሳሽ ነበር። ለአሥራ አምስት ዓመት ማካካሻ ውሃ እንዲፈስበት ተደረገ፤ በ2017 መጨረሻ ቆመ። ያ ጊዜ የተሰጠው ግዛቲቱ መፍትሔ እንድታዘጋጅ ነበር። አላዘጋጀችም። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው ወለል አቧራ ይሆናል፤ በሸለቆው የሕፃናት አስም ከግዛቲቱ አማካይ በላይ ነው። የአሥር ዓመቱ እቅድ እስከ 2028 ወደ 12,000 ሄክታር ገደማ ወለል በረግረግና በተክል እንዲሸፈን ይላል፤ ሥራው ከዚያ ብዙ ወደ ኋላ ነው።

የኮሎራዶ ወንዝ ሂሳብም ገና ነው። የ1922ቱ ውል ለሰባት ግዛቶች 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አከፋፈለ፤ ከ2000 ወዲህ ወንዙ በአማካይ የሚሰጠው 15 ቢሊዮን ገደማ ነው። የካሊፎርኒያ ድርሻ 5.4 ቢሊዮን ሲሆን 3.8ቱ የኢምፔሪያል ነው። እጥረቱን ለመካፈል የወጡት መመሪያዎች በ2026 መጨረሻ ያበቃሉ። ከሐይቁ ሥር ባለው ትኩስ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሊቲየም አለ፤ ግዛቲቱ በ2022 ባወጣችው ሕግ በቶን ከ400 ዶላር የሚጀምር ቀረጥ ጥላበታለች፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ለካውንቲዎቹና ለሐይቁ ሥራ እንዲውል። ማምረቱ ራሱ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ያን ውሃ የሚፈቅደው የመስኖ ድርጅቱ ቦርድ አምስት አባላት አሉት፤ የሚመርጣቸው የሸለቆው ሕዝብ ነው፣ ስብሰባቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው።